ማርሴሊን የማን ከተማ ናት?

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም ምላሽ በምላሽ ላይ የሚቀጠልበትን ውይይት፣ የከፈተው ከካንሳስ ሲቲ እየተነሣ በሚዙሪና በኢሊኖይ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንድ ቀን ከአውራ ጎዳና 36 ወደ ደቡብ ታጥፎ ማርሴሊን ወደምትባል የሚዙሪ ከተማ ገብቶ ነበርና ያየውን ይተርካል። የነዋሪዋ ቁጥር ከ2,000 ትንሽ የሚበልጥ፣ ዋናው መንገዷ ጀመርኩት ሳይሉ የሚያልቅ፣ የካርቱን ፊልም ሠሪው የዋልት ዲዝኒ ስም ግን ከትምህርት ቤቱ እስከ መናፈሻው የተለጠፈባት ናት። ቡናውን ይዞ ከጡቡ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ የደራረበ ባቡር መጣ። ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ጣቢያውን ዞር ብሎ እንኳ ያላየው ይመስል ከተማዋን ሰንጥቆ አለፈ፤ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። ሾፌሩም ይህች ከተማ ማን ቆረቆራት፣ ከምንስ ትኖራለች ብሎ ጠየቀ። እዚያ ላይ ቢያቆም ክሩ በአምስት ምላሽ ባለቀ ነበር። እሱ ግን ከተማዋ የዲዝኒ ናት፣ ባቡሩ ከእንግዲህ አላፊ አግዳሚ ነው የሚል ፍርድ ጨመረበት።

ምላሽ ቁጥር 1 በትሕትና የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ካንሳስ ሲቲ ትኖራለች፤ ሾፌሩን ወንድሜ እያለች መሠረታዊውን ታሪክ ታስቀምጥለታለች። የአቺሰን፣ ቶፒካና ሳንታ ፌ የባቡር ኩባንያ፣ በአጭሩ ሳንታ ፌ፣ ከካንሳስ ሲቲ እስከ ቺካጎ የሚዘልቅ የራሱ ሐዲድ አልነበረውም። ያንን ሐዲድ በ1887 እና በ1888 ዘረጋ፤ ማርሴሊንም በዚያው በ1888 ሊን ካውንቲ ውስጥ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ተቀይሳ በቁራሽ ተሸጠች። ስሟ ከኩባንያው ዳይሬክተሮች የአንዱ ባለቤት እንደተወሰደ ይነገራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን መናገር አልረሳችም። ይህ ጥንቃቄ ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ቁጥር 2 የሾፌሩን ፍርድ በቀጥታ ነው የተቃወመው። ዲዝኒ የተወለደው ቺካጎ ውስጥ በ1901 ነው። ቤተሰቡ ወደ ማርሴሊን እርሻ የመጣው በ1906፣ ከተማዋ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ሳለ ነው፤ በ1911 ደግሞ ለቆ ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄዷል። አምስት ዓመት የኖረ ልጅ ከተማ አይሠራም፣ ከተማ ነው ልጁን የሚሠራው የሚል ነው ክርክሩ። ሐሳቡ ይስማማኛል፤ አቀራረቡ ግን ሾፌሩ ሰነፍ ተማሪ የሆነ ያህል ነበር።

ቁጥር 3 ክሩን አለዘበችው። ከልጆቿ ጋር በበጋ ሄዳ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ያለውን የዲዝኒ ሙዚየም፣ ቀጥሎም እርሻው ላይ የቆመውን የእንጨት ጎተራ አሳየቻቸው። ጎተራው በ2001 እንደ ጥንቱ ሆኖ እንደ አዲስ የተሠራ ነው፤ ጎብኚ ሁሉ ሳንቃው ላይ ስሙን ይጽፍበታል፤ ከልካይ የለም። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ ስም በስም ላይ ተደራርቧል። ትንሿ ልጇ ስሟን በአማርኛ ፊደል በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ከጎኗ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ልጅ ሥዕል መስሎት አደነቀላት። እናትየዋ ጽሑፏን የምትጨርሰው ትንሹ ዋልት ባቡር ይጠብቅበት በነበረው በዚያ ጣቢያ ውስጥ በመቆሟ ምን ያህል እንደተነካች በመግለጽ ነው።

ቁጥር 4 ያለ ሰላምታ መጣ። ጣቢያው የተሠራው በ1913 ነው፤ ቤተሰቡ የሄደው በ1911 ነው፤ ስለዚህ ልጁ እዚያ ጣቢያ ውስጥ ባቡር ጠብቆ አያውቅም። ሌላ ቃል የለበትም። ቁጥር 5 ለሴትዮዋ ተቆርቁሮ የእናትና የልጆች ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ምን ዓይነት አስተዳደግ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ቁጥር 4 ያነሣው ዓመት ትክክል ነው እላለሁ፤ እህት ሆይ ብሎ ቢጀምር ግን ምን ይጎድልበት ነበር? ያም ሆነ ይህ ለክሩ የተሻለ ጥያቄ ያመጣው እሱ ነው። በ1910 ወደ 4,000 ገደማ ሕዝብ ለነበራት የገጠር ከተማ ኩባንያው እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚሠራው ለምንድን ነው?

መልሱ በቁጥር 6 መጣ፤ ከክሩ ሁሉ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ይህንን ብቻ ነው። ጸሐፊው ኢሊኖይ ውስጥ በባቡር ጥገና ሥራ ላይ እንዳለ ይናገራል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር፣ ከሁሉ በፊት ውኃ ጠጪ ነው ይላል። በየጥቂት ማይሉ ውኃ ይሞላል፤ የድንጋይ ከሰል ይጫንለታል፤ አመዱ ይጠረጋል፤ መጋጠሚያዎቹ በዘይት ይታሻሉ። ከ100 ማይል ወይም ከ160 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ከባቡሩ ተፈትቶ ሌላ ይተካበታል፤ እሱ ወደ ጥገና ቤት ይገባል። ሰውም እንዲሁ ነው። ለጭነት ባቡር ሠራተኞች 100 ማይል መጓዝ የአንድ ቀን ሥራ ተደርጎ ይከፈል ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ካርታውን ዘርግቶ ከቺካጎ ወደ ምዕራብ መቁጠር ነበረበት፤ ቺሊኮቲ፣ ፎርት ማዲሰን፣ ማርሴሊን፣ ካንሳስ ሲቲ። ማርሴሊን በፎርት ማዲሰንና በካንሳስ ሲቲ መካከል ግማሽ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ወንዝ ስላለ ወይም ገበያ ስለነበረ አይደለም፤ ሎኮሞቲቩ እዚያ ሲደርስ ስለሚደክም ነው። በአካባቢው የድንጋይ ከሰል መገኘቱ ምርቃት ሆነላት።

ይኸው ሰው የእንዲህ ዓይነት ከተማን ሌሊትም ይገልጻል። ባቡር ጊዜ አይመርጥም፤ ስለዚህ በየቤቱ እየዞረ በር የሚያንኳኳ ጠሪ ልጅ ነበር። የትኛው ነጂ የት እንደሚተኛ፣ የትኛው እሳት ቆስቋሽ ከየትኛው ምግብ ቤት እንደማይጠፋ ያውቃል፤ ሰውየው ተነሥቶ መዝገቡ ላይ ሳይፈርም ከደጃፉ አይነቃነቅም። ከሌላ ከተማ የመጡት ሠራተኞች ተራቸው እስኪደርስ አልጋ ይከራያሉ፤ ይበላሉ፤ ልብሳቸውን ያሳጥባሉ። የከተማዋ ገንዘብ ይህ ነበር። ተሳፋሪው ጥቂት ቢሆንም ሠራተኛው ብዙ ነበር።

ቁጥር 7 አዛውንት ናቸው። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠርተው፣ አሁን ኦሃዮ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቁጥር 6ን ልጄ ብለው አመሰገኑት፤ የእንፋሎቱን ነገር አባታቸው ሲያወሩ የሰሙት ሁሉ ከጻፈው ጋር አንድ እንደሆነ መሰከሩለት። ድሬዳዋም እንዲሁ በሐዲድ ውሳኔ የተወለደች ናት አሉ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ይሄዳል ተብሎ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ስላዳገተ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1902 መጨረሻ ላይም ከተማዋ ተቆረቆረች። ቁጥር 8 ዘሎ ገባና ድሬዳዋ የተመሠረተችው በ1895 ነው ብሎ አረማቸው። ቁጥር 9 ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓመት እንደሆኑ፣ አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስረዳ። የቁጥር 1 ማስጠንቀቂያ አንባቢ አላገኘም ማለት ነው።

ከ10 እስከ 13 ያሉት ማርሴሊንን ረስተዋት የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ገቡ። ስለ ጥላው፣ ስለ ጠዋቱ የባቡር ጡሩምባ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ውጭ ስለ ማድረጉ ተጨዋወቱ። ናፍቆት ያለበት ጨዋታ ነው፤ ሆኖም የምንነጋገርበት ጉዳይ አልነበረም። አንዱ ብቻ የሚጠቅም ነገር አነሣ፤ አዲሱ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ሳንታ ፌ ያለ ነው፤ አሮጌው አንድ ሜትር ነበር፤ ስለዚህ የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም።

ቁጥር 14 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሰውየው የማያውቁት አገር አይናፍቅም በሚለው ተረት ጀምሮ፣ የራሳችን ከተሞች ውኃ በፈረቃ በሚጠጡበት ዘመን ስለ አንድ የሚዙሪ መንደር አሥራ ሦስት ምላሽ መጻፍ ሥራ ፈትነት ነው አለ። ቁጥር 15 ከዚያ ባሰ፤ ተቺው ራሱ አሥራ አራተኛውን ለመጻፍ ጊዜ ከየት እንዳገኘ ጠየቀውና ስለ ትምህርት ደረጃው እዚህ የማልደግመውን ነገር አከለ። ወቀሳውን ፍሬ ቢስ ነው አልልም። ነገር ግን ሾፌሩ በዚያ መንገድ ላይ እንጀራውን ይጋግራል፤ የሚያልፍበትን ከተማ ታሪክ መጠየቁ መብቱ ነው።

ቁጥር 16 ቅን ሰው ነው፤ ጠቡን ለማብረድ ወሬ አመጣ። ቁጥር 6 የጠቀሳት ቺሊኮቲ በማሽን የተቆራረጠ ዳቦ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠባት ከተማ ናት፤ 1928፤ የባቡር ሠራተኞች ስንቅ ይሆን ብሎም ገመተ። ቁጥር 17 ፈገግ እያለ ሳይሆን አይቀርም የጻፈው። ቺሊኮቲ አንዲት ብቻ አይደለችም። የዳቦዋ ሚዙሪ ውስጥ፣ ከማርሴሊን ወደ ምዕራብ በዚያው በአውራ ጎዳና 36 ላይ ናት፤ የሳንታ ፌዋ ኢሊኖይ ውስጥ ናት። ቀጥሎ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነገረን። ከማርሴሊን አጠገብ ብሩክፊልድ የምትባል ከተማ አለች፤ እሷም ከሐኒባል እስከ ሴንት ጆሴፍ በ1859 ለተጠናቀቀው 206 ማይል ሐዲድ በግማሽ መንገድ ላይ የተተከለች ናት። ሳንታ ፌ ሲመጣ ያ መስመር በተፎካካሪው በበርሊንግተን እጅ ገብቶ ነበር። ስለዚህ በአንድ ካውንቲ ውስጥ፣ በጥቂት ማይል ልዩነት፣ ሁለት ኩባንያዎች በአንድ ዓይነት ስሌት ሁለት ከተሞች ተከሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለከተማ ተብሎ ሐዲድ ተዘረጋ የሚለውን አነጋገር በዚህ አገር ላይ ለመጠቀም እቸገራለሁ።

እንዲህ በል ብሎ የተላከ ይመስል ቁጥር 18 ብቅ አለና ሁሉም ከተማ እንዲህ አይደለም አለ። ጌልስበርግ፣ ኢሊኖይ ይኖራል። ጌልስበርግ በ1837 ኮሌጅ ለመመሥረት በመጡ የፕሬስቢቴሪያን ሃይማኖት ሰዎች ተቆረቆረች፤ ባቡር የደረሰላት በ1854 መጨረሻ ነው፤ ያመጡትም እነ ቾንሲ ኮልተን የመሰሉ የከተማዋ ነጋዴዎች ገንዘብ እያሰባሰቡና ደጅ እየጠኑ ነው። ኋላም በ1888 ሳንታ ፌ በዚያው በኩል እንዲያልፍ አደረጉ። ገጣሚው ካርል ሳንድበርግ የተወለደው እዚያ ነው፤ ስዊድናዊ ስደተኛ የነበረው አባቱ በባቡር ጥገና ቤት የአንጥረኛ ረዳት ነበር። ሁለት መስመር ያላት ከተማ አንዱ ቢያኮርፋት ሌላው አለላት ይላል ሰውየው፤ ፋብሪካ ግን እንዲህ አይደለም። የሜይታግ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ በ2004 ተዘግቶ ሥራው ወደ ሜክሲኮ ሲሄድ ባቡሩ ግን አልሄደም። ማርሴሊን ላይ ትንሽ ንቀት ነበረበት፤ ባለ 30,000 ሕዝብ ከተማ ሰው በባለ 2,000ዋ ላይ ሲኩራራ ሳየው ሳቄ መጣ።

ከ19 እስከ 21 ያለው የክሩ ትኩሱ ክፍል ነው። ቁጥር 19 ዲዝኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ በከፈተው የመዝናኛ መናፈሻ፣ በዲዝኒላንድ፣ ውስጥ ያለው ዋና መንገድ፣ ሜይን ስትሪት ዩ ኤስ ኤ፣ የማርሴሊን ግልባጭ ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 20 ይህ የጉብኝት አስጎብኚዎች ወሬ ነው አለ። መናፈሻውን ከነደፉት አንዱ የሆነው ሃርፐር ጎፍ ያደገው ፎርት ኮሊንስ፣ ኮሎራዶ ሲሆን ለመንገዱ ሕንፃዎች መነሻ ያደረገው የራሱን ከተማ ነው፤ የማርሴሊን ዋና መንገድ ደግሞ ትክክለኛ ስሙ ካንሳስ አቬኑ ነበር፤ የዲዝኒላንዱን ስም የወሰደው በኋላ ነው። እንግዲህ ማን ከማን ገለበጠ? ቁጥር 21 ተቆጣ፤ ዋልት ራሱ ስለ ማርሴሊን እየደጋገመ የተናገረውን አንድ ሠራተኛው ሊሰርዘው አይችልም አለ፤ ቁጥር 20ንም በምቀኝነት ከሰሰው። በእኔ ግምት ሁለቱም የያዙት እውነት ነው፤ የሕንፃው ቅርጽ ከኮሎራዶ፣ ፍቅሩ ከሚዙሪ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለማለት ግን ምቀኛ መባባል አያስፈልግም ነበር።

ቁጥር 22 ክርክሩን ወደ ሐዲዱ መለሰው፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ዋልት አጎቴ የሚለው ማይክ ማርቲን የሳንታ ፌ ባቡር ነጂ ነበር፤ ከማርሴሊን ወደ ፎርት ማዲሰን ይነዳ ነበር። ልጁ መንገዱን ሳይሆን ባቡሩን ነው ይዞ የወጣው። አድጎ ሀብታም ሲሆን ሎስ አንጀለስ ባለው ግቢው ውስጥ ሰው ተፈናጦ የሚሄድበት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አሠራ፤ የባቡሩን ወርክሾፕም በማርሴሊኑ ጎተራ አምሳል ገነባ። በ1955 ዲዝኒላንድ ሲከፈት ዙሪያውን የሚሽከረከረው ባቡር በስሙ ላይ ሳንታ ፌ የሚል ነበረበት፤ ኩባንያው እስከ 1974 ድረስ ስፖንሰር ነበር። ሾፌሩ ከተማዋ የዲዝኒ ናት ወይስ የባቡሩ ብሎ የለያቸውን ሁለቱን ይህ ምላሽ አንድ ላይ አሰራቸው። ከተማዋን የተከለው ኩባንያ፣ እዚያ ላደገው ልጅ መጫወቻ ሐዲድ ገንዘብ ከፈለ።

ቁጥር 23 ወንድማማቾቹ ዋልትና ሮይ በ1956 የመናፈሻና የመዋኛ ምርቃት ላይ ለመገኘት መመለሳቸውን ጻፈች። በ1960 በዋልት ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የቆመው የባንዲራ ምሰሶ ከዚያው ዓመት ኦሎምፒክ የመጣ መሆኑንም አከለች። ቁጥር 24 ኦሎምፒክና 1960 የሚሉትን ቃላት አይቶ አበበ ቢቂላን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማስሮጥ ጀመረ። ቁጥር 25 በትዕግሥት ይህ የክረምቱ ኦሎምፒክ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተካሄደው መሆኑን ነገረው። የአበበ ስም በተነሣበት ክር ግን ወደ ርእስ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ሦስት ምላሽ ወሰደ።

ቁጥር 29 የቁጥር 6 ሰውዬ ነው፤ የሾፌሩን ያልተመለሰ ግማሽ ጥያቄ አንሥቶ መጣ። ባቡሩ ማቆም የተወው ለምንድን ነው? ናፍጣ ስለመጣ። ሳንታ ፌ በናፍጣ የሚሠሩ የጭነት ሎኮሞቲቮችን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከሌሎች ቀድሞ አስገባ፤ በ1957 እንፋሎትን ጨርሶ አቆመ። ናፍጣው በየመንገዱ ውኃ አይጠይቅም፤ አመድ የለውም፤ እሳት ቆስቋሽም አያስፈልገውም። ቀጥሎ የአንድ ቀን ሥራ የሚባለው ማይል ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በድርድር እየጨመረ ሄደ፤ የሠራተኛ መቀያየሪያውም ከመካከል ተነሥቶ ወደ ፎርት ማዲሰንና ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። የሕጉ የሥራ ሰዓት በ1907 እስከ 16 ሰዓት ነበር፣ ኋላ ወደ 12 ወረደ፤ እንዲያም ሆኖ በአንድ ፈረቃ ማርሴሊንን አልፎ መሄድ ተቻለ። ሳንታ ፌ በ1995 ከበርሊንግተን ኖርዘርን ጋር ሲዋሐድ መስመሩ እየተጠናከረ ሄደ እንጂ አልሞተም። ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ብዙ ከተማ ሐዲዱ ሲነቀል ይወድቃል፤ ማርሴሊን ሐዲዷ ከመቼውም በላይ ተጨናንቆ ሳለ ነው ሥራዋ የተወሰደባት። የተሳፋሪው ባቡርም በመካከሏ ያልፋል፤ የሚቆመው ግን ላ ፕላታ በምትባል ሌላ ከተማ ነው።

ቁጥር 30 ደግሞ ሌላ ሾፌር ነው፤ ኤጀርተን፣ ካንሳስ ካለው የባቡር ጭነት ማዕከል ኮንቴይነር እየወሰደ ለመጋዘኖች ያደርሳል። በዚያ መስመር ከቺካጎ በኩል የመጣውን ኮንቴይነር ሲጭን ማርሴሊንን አልፎ እንደመጣ አስቦ አያውቅም ነበር። ከባቡሩ ላይ አውርዶ በመኪናው ላይ የሚያስቀምጥለትን ክሬን ሲገልጽ ስለ ሚስቱ የሚያወራ ይመስል ነበር፤ በሰዓት ስንት እንደሚከፈለው ሲጠየቅ ግን ዝም አለ። ጠያቂዎቹ ቁጥር 31፣ 32 እና 33 ናቸው።

ቁጥር 34 ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰ። ሁሉንም አመሰገነ፤ አዛውንቱን በተለይ አንቱ እያለ አመሰገናቸው። ከፍርዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ማንም ቢቆረቁራት ዛሬ የሚያበላት ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄዬ አለ፤ ቡና የሸጠለት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የማን ሥዕል እንደነበርም አስታወሰን። ቁጥር 2 ሊመልስ ጀምሮ ተወው መሰለኝ፤ ምላሹ ተሰርዟል። ሾፌሩ ቀጥሎ በገና ሰሞን ልጆቹን ወደ ሙዚየሙ ሊወስድ እንዳሰበ፣ መኪና ሳይነዳ በባቡር መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

ቁጥር 36 በሁለት መስመር መለሰችለት። ሙዚየሙ በበረዶው ወራት ዝግ ነው፤ ከሚያዝያ በኋላ ይሂድ። በባቡር ከካንሳስ ሲቲ ተነሥቶ ላ ፕላታ መውረድ ይችላል፤ ማርሴሊንን በመስኮት ካያት በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰው መኪና ግን ራሱ መፈለግ አለበት።